የመሪጌታ ቪዲዮ ሦስት ምስክሮች

ጋሼ ፈንታሁን ሞተ ሲሉኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ማን አየው?» የሚል ነበር። ዳባት መናኸሪያ ቁሜ ነው፤ የነገረችኝም ከደባርቅ የመጣች የድሮ ደንበኛዬ ናት። ሴትዮዋ ደነገጠች። «አንቺ ደግሞ! ሰው ሞተ ሲባል ነፍሱን ይማር ነው የሚባል» አለችኝ። ልክ ናት። ግን ያ ሰውዬ ከዚህ በፊት አንዴ ሞቶ፣ ተለቅሶለት፣ ተዝካሩ ተበልቶ ያበቃ ሰው ነው። ስለሱ የሚመጣ የሞት ወሬ ዝም ተብሎ አይዋጥም። «ሬሳውን ያየ አለ ወይ?» ብዬ ደገምኩ። አለ። እሷ ራሷ ቀብሩ ላይ ነበረች። ያን ጊዜ ነው እዚያው እቃዬ ላይ ዘጭ ብዬ የተቀመጥኩት።

ደባርቅ ላይ ፈንታሁን ብሎ የጠየቀ ሰው ቤቱን አያገኝም። መሪጌታ ቪዲዮ ካለ ግን ማንም የባጃጅ ሾፌር ያደርሰዋል። መሪጌታ እንኳ አልነበረም፤ ዲያቆን ነበር፣ እሱም ድሮ። ሥራው ቪዲዮ ቤት ውስጥ ፊልም መተርጎም ነው። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆማል፣ ዘንጉን እንደ መቋሚያ ብብቱ ሥር ያደርጋል፣ ከዚያ የውጭ ፊልሙ በሄደ ቁጥር አግዳሚ ላይ ለተደረደሩት ጎረምሶች በአማርኛ ያስረዳል። እንግሊዝኛ አያውቅም። ሕንድኛም አያውቅም። ይኸ ግን ሥራውን አንድም ቀን አላስተጓጎለበትም።

እኔ በጊዜው አስረኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቴ ለመሰናዶ አልበቃ ብሎኝ፣ ከቪዲዮ ቤቱ ጋር በአንድ ችፑድ በሚለያይ ክፍል ሹሩባ እሠራ ነበር። ቪዲዮ ቤት ሴት አትገባም። የከለከለ የለም፤ ግን የገባች ሴት ስሟን እዚያው ጥላ ነው የምትወጣው። ስለዚህ ፊልም የማየው በጆሮዬ ነበር። የፈረስ ኮቴ ይሰማል፣ ጥይት ይሰማል፣ ከሁሉም በላይ የሱ ድምፅ ይሰማል፤ ቅዳሴ የለመደ፣ ማይክራፎን የማያስፈልገው ድምፅ። ጥይት ሲበዛ አይተረጉምም። «ይኸን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ» ብሎ ቆሎውን ይበላል። ወንድየው ሴቲቱን አቅፎ ዓይኗን እያየ አንድ ነገር ሲላት ደግሞ «ሽማግሌ ልላክ ይላታል» ይላል። ጎረምሶቹ «ኧረ ጋሼ፣ እወድሻለሁ ነው ያላት!» ብለው ሲጮሁ፣ «ያው ነው። ካልላከ ምን ብሎ ወደዳት?»

አንድ ቀን በሩ ላይ አግኝቼው «ጋሼ፣ ግን ቋንቋውን ሳታውቅ እየቀጠፍክ አይደለም ወይ?» አልኩት። እኔ ነገር ማለስለስ አላውቅበትም። አልተቆጣም። የጆሮውን ጫፍ ይዞ ጎተተ፤ ሲያስብ እንደዚያ ያደርጋል።

«ያላየሁትን አልጨምርም» አለኝ። «ያየሁትን እፈታለሁ። አንድ ፍቺ ካልበቃ ሁለት አመጣለሁ።»

ይኸ የመጽሐፍ ቤት ልማዱ ነው። እዚያ መምህሩ አንዷን ቃል በአንድ ፍቺ አይለቃትም፤ አንዱን ይልና «አንድም» ብሎ ሌላውን ያስከትላል፣ ሁለቱም ይቆማሉ። ጋሼ ፈንታሁንም ፊልሙን እንደዚያ ነበር የሚፈታው። «ሰውየው የሄደ ተቆጥቶ ነው፤ አንድም አፍሮ ነው፤ አንድም እግሩን አሞት ይሆናል፣ ሲያነክስ አይታችኋል።» ጎረምሶቹ መጀመሪያ ይስቁበት ነበር። ኋላ ግን እርስ በርሳቸው ሲጨቃጨቁ «አንድም» እያሉ መከራከር ጀመሩ።

የመጀመሪያ ሞቱን ደባርቅ ሁሉ ያውቃል፤ ራሱ ነው እንደ ቀልድ የሚያወራው። የጃናሞራ ሰው ነው። በደርግ ጊዜ ከዲቁናው ላይ አፍሰው ለውትድርና ወሰዱት፤ ሚስቱ እርጉዝ ነበረች። ሰሜን ላይ አብረውት የነበሩት አለቁ ተባለ፣ መርዶ ተነገረ፣ ተዝካር ወጣ። እሱ ግን ተርፎ፣ ሱዳን ገብቶ፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ በእግሩ ተመለሰ። አንድ ምሽት ቤቱ ደጃፍ ደረሰ። ከዚያም ሳይገባ ተመልሶ ሄደ። ሁመራ ሰሊጥ ሲያጭድ ዓመታት ቆይቶ ነው ደባርቅ የመጣ። ወሬው እዚህ ላይ ሲደርስ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቀዋል፦ ለምን አልገባህም? መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«በሩ ተዘግቶ ነበር።»

በቃ። ለሌላው ነገር ሁሉ አንድም አለው፤ ለዚህ የለውም። ይኸ ነው እኔን እረፍት የነሳኝ። ሰው በር ተዘግቶ ካገኘ ያንኳኳል አይደለም እንዴ?

አሁን ወደ ፊልሞቹ ልምጣ። ሲዲ ከጎንደር የሚያመጣለት አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። አንድ ቀን አንድ ጥቁርና ነጭ ፊልም አመጣለት። ታሪኩ የድሮ ነው፣ የፈረንጅ። አንዲት ባለጸጋ ሴት ታመመችና ሞተች ተባለ። ከነቀለበቷ መቃብር ቤት አስገቧት። ሌባ ለቀለበቱ ብሎ ገባ፤ ቀለበቱ አልወልቅ አለው፤ ጣቷን ሊቆርጥ ቢላዋውን ሲያሳርፍ ደም ወጣ፣ ሴትዮዋም ተነስታ ቁጭ አለች። ለካ አልሞተችም። ሌባው እግሬ አውጪኝ አለ። እሷ ከፈኗን እየጎተተች ቤቷ ሄደችና የባሏን በር አንኳኳች። ባልየው በመስኮት አያት። መስኮቱን ዘጋው። ደጃፉ ላይ እንደተቀመጠች ነጋ፤ ሲነጋ በእውነት ሞታ ተገኘች።

ያን ቀን በችፑዱ ማዶ አንድ ጎረምሳ እንኳ አላፏጨም። 

ከወራት በኋላ ሾፌሩ የሕንድ ፊልም አመጣ። ጋሼ ጀመረ፣ ጀመረና መሀል ላይ ቆመ። «ኧረ ይቺ ሴትዮ!» ሲል ሰማሁት። ቀለበት፣ ሌባ፣ ቢላዋ። ያው ታሪክ ነው! በዚህኛው ባልየው ሌላ ሚስት ሲያገባ ነው የምትደርሰው፤ ዘፈኑ ከመድመቁ የተነሳ ማንኳኳቷን የሚሰማ ጠፋ። እኔ የደንበኛዬን ጸጉር እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ። ሲጨርስ ወጥቼ ያዝኩት።

«ጋሼ፣ ሕንዶች ሬሳ ያቃጥላሉ ይባል የለ? ይቺን ለምን ቀበሯት?»

ጆሮውን ጎተተ። «ክርስቲያን ሕንድ ትሆናለች። አንድም ቀብሩ የባልየው አገር ልማድ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሁለት ምስክር ሆነ» አለኝ።

ሦስተኛው ደግሞ ከዚያ ሁሉ በኋላ መጣ፤ በቀለም ነው፣ በረዶ ያለበት አገር። እዚያ ባልየው በሩን ይከፍታል። ይከፍትና ጠመንጃ ይተኩስባታል።

ጋሼ ፈንታሁን እነዚህን ፊልሞች የተሠሩ ነገሮች ናቸው ብሎ አላመነም። እንዴት ብሎ ይመን? እሱ የተማረው አንድ ነገር እውነት ሲሆን ብዙ ምስክር እንደሚኖረው ነው፤ አራቱ ወንጌላውያን ያንኑ አንድ ነገር በየራሳቸው አልጻፉም ወይ? አንዱ ያየውን ሌላው አይጠቅስም፤ የሚጣላ መስሎ የታየውን መምህር ያስታርቀዋል። ስለዚህ ይቺ ሴት የሆነ አገር በእውነት ከመቃብር ተነስታ በር አንኳኩታለች፤ ሦስት ሰዎች መስክረዋል፤ የቀረው ማስታረቅ ነው። ከኛ ጀርባ ተከራይቶ የሚኖር የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር፣ ወጣት ልጅ። ሊያርመው ሞከረ።

«ጋሽ ፈንታሁን፣ ልብ ወለድ እኮ ነው። አንድ የድሮ ተረት ነው፤ በየአገሩ እየደጋገሙ ፊልም ያደርጉታል።»

«ልብ ወለድ ከሆነ ለምን ይደጋግሙታል? ሌላ አይወልዱም? ልባቸው መከነ?»

«ሰው ስለሚወደው ነው።»

«ምኑን ነው የሚወደው? አልከፈቱላትም እኮ!»

አስተማሪው ሳቀና «የሚከፈትላት አለ» አለ። ዩኒቨርሲቲ እያለ አንድ አይቷል፤ እዚያ ባልየው ከፍቶላት፣ ገብታ፣ ልጅም ወልዳለች። ጋሼ ፈንታሁን ዘንጉን ከብብቱ አወጣ። «በዓይንህ አየኸው?» «አየሁት።» «እኔ አላየሁትም» አለና ፊቱን አዞረ። ከዚያ ወዲህ ግን ያን ሾፌር በመጣ ቁጥር «ያቺ ሴትዮ የምትገባበት» እያለ ያስጨንቀው ጀመር።

በዚህ መሀል ነው እትዬ ይታይሽ የመጣችው። የገበያ ቀን ነው፣ ጉም ከተማውን ጠቅልሎታል። አንዲት ረጅም የገጠር ሴት ገብታ ወንበሬ ላይ ተቀመጠችና «ለሠርግ የሚሆን ሥሪልኝ» አለች።

«የማን ሠርግ ነው እትዬ?»

«የልጄ። ከፋሲካ በኋላ ነው።» በአገጯ ወደ ችፑዱ ጠቆመች። እዚያ ማዶ ጋሼ ፈንታሁን ስለ አንድ የባሕር ወንበዴ እያስረዳ ነበር። «ሲናገር እንደ ጥንቱ ነው» አለች።

እጄ ቆመ። «ታውቂዋለሽ?»

«የልጄ አባት ነው።»

ከዚያ ነገረችኝ። ሌላ ባል አግብታለች፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ልጆች አሏት። እዚህ ሰው ቤት ሄዳ ለመቆም የባሏም የራሷም ክብር አይፈቅድላትም። ግን አንጓች፣ እሱን አይታው የማታውቀው ልጁ፣ «አባቴ ቁሞ እያለ የማን ጉልበት ስሜ ልወጣ ነው?» ብላ አስቸግራለች። እንጀራ አባቷ ራሱ «ይጠራ» ብሏል። «አንቺ ጎረቤቱ ነሽ። ንገሪው። በሚቀጥለው ገበያ መልሱን እሰማለሁ።»

ማታ ቪዲዮ ቤቱ ሲዘጋ ሄድኩና በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ቴሌቪዥኑን ጨርቅ እያለበሰ ነበር። ጫፍና ጫፉን አስተካከለ።

«ሙት ለሠርግ አይጠራም» አለኝ።

«አንተ መቼ ሞትክ? ቆሎ የሚበላ ሙት የት አለ?»

«እነሱ ቀብረውኛል። ተዝካሬን በልተዋል።»

«መች እያወቁ በሉ! ጋሼ፣ ልጅህ ናት እኮ። የምትፈራው ምኑን ነው?»

ያን ጊዜ ነው የተናገረው። አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ተሸፈነው ቴሌቪዥን እያየ፦ «ሲመሻሽ፣ ዓይን ለዓይን ሲያዝ ደረስኩ። በሩ ዝግ ነው፣ በስንጥቁ ኩራዝ ይታየኛል። ስሟን ጠራሁ። ኩራዙ ጠፋ።» እጁን ዘረጋና አንድ ነገር እንደሚያጠፋ ጣቶቹን ገጠማቸው። «ድምፄን ለይታ አጠፋችው። ከዚህ ሌላ ምን ፍቺ አለው? ሦስት ምስክር አየሁ፣ አንዱም አልተከፈተለትም። አሁን ሄጄ ሰው በተሰበሰበበት ደጅ ልቁም?»

እኔ የማልመልሰው ነገር ሲገጥመኝ እናደዳለሁ። ተናድጄ ወጣሁ።

የሚቀጥለው ገበያ ደረሰ። እትዬ ይታይሽ በጊዜ መጣች። «እሺ አላለም» አልኳት። ፊቷ አልተለወጠም፤ «ጸጉሬን እንደገና ሥሪልኝ» ብላ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ግን ጫፉን ስታጠነጥነው አየሁ። ሠርጉ ደርሷል። ዛሬ ካልሆነ ሌላ ገበያ የለም።

በዚያችው ቀን ነበር ሾፌሩ አራተኛውን ሲዲ ያመጣው። ቪዲዮ ቤቱ ጢም ብሏል፤ አስተማሪው ሳይቀር ገብቷል። ጋሼ ፈንታሁን ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት። ጀመረ። ሕመሙን አለፈ፣ ቀብሩን አለፈ፣ ቢላዋው ላይ ጎረምሶቹ ጮኹ። እትዬ ይታይሽ ወንበሬ ላይ ሆና አንገቷን ወደ ችፑዱ አዘነበለች፤ ጸጉሯን ወደኔ ብስበው አልመጣ አለኝ።

«ምንድን ነው የሚያወራው?» አለችኝ በሹክሹክታ። ሴትዮዋ ሞታለች ተብላ ተቀብራ መነሳቷን ነገርኳት። 

«ቤቷ ደረሰች» ይላል ጋሼ ፈንታሁን። «ብርድ ነው። በመስኮቱ መብራት ይታያል። እጇን አነሳች። አንኳኳች…»

ቆመ። ምስሉ ነው የቆመው። ሲዲው ተቧጭሯል መሰለኝ፤ ሴትዮዋ እጇን እንዳነሳች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። አንዱ ማጫወቻውን ጠፈጠፈው። አውጥተው በሸሚዝ ጠረጉት፣ መልሰው አስገቡት። ያው እዚያው ላይ ደረቀ።

«ጋሼ፣ ጨርሰው በቃ!»

«አላየሁትም።»

«አንተ ዝም ብለህ ጨርስ! ይከፈትላታል አይከፈትላትም?»

«ያላየሁትን አልተረጉምም አልኩ!»

«ይከፈትላታል» አለ አስተማሪው። «እኔ አይቼዋለሁ።»

«አንተ አየህ። እኔ ያየሁት ሲዘጋ ነው» አለ ጋሼ ፈንታሁን፤ ድምፁ እንደዚያ ሲሰበር ሰምቼው አላውቅም። «መብራቱ ይጠፋል። አንዴ ይጠራል፣ መብራቱ ይጠፋል። ይኸው ነው።»

እትዬ ይታይሽ ተነሳች። ግማሹ ሹሩባ፣ ግማሹ ብትን ነው። ችፑዱን በመዳፏ መታችው።

«አንዴ ጠርቶ የሚሄድ ሰው ነው ወይ?!»

ማዶ አንዱ ጎረምሳ «እንዴ! ሴትዮዋ አማርኛ ቻለች!» ብሎ ጮኸና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «የጃናሞራ ሰው ናት እንዴ!» አለ ሌላው። እሷ ሳቁን አልሰማችውም።

«ፈንታሁን! ዲያቆን አይደለህ? የአገርህን ደንብ ረሳኸው? ሲመሽ ከደጅ ስምህን የጠራህ ድምፅ ሳይደግም አቤት ይባላል? መንፈስ ነው አንዴ ጠርቶ ዝም የሚል፤ ሰው ይደግማል! ተዝካርህን አውጥቼ፣ ሕፃን ታቅፌ፣ የሞተ ባሌ ድምፅ ከደጅ ቢጠራኝ ምን ላድርግ?»

ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። የጋሼ ፈንታሁን ድምፅ መጣ፤ አሁን የሚተረጉም ሰው ድምፅ አልነበረም።

«ኩራዙንስ?»

«መብራት አይቶ እንዳይገባ ነዋ! አጠፋሁና በሩ ሥር ቁሜ ደግሞ ቢጠራኝ ብዬ ስጠብቅ አደርኩ። መቀርቀሪያው እጄ ላይ ነበር። ሲነጋ ስከፍት ማንም የለ። መንፈስ ነው አልኩ። ሰው መሆንህን የሰማሁ ዓመታት አልፈው፣ አግብቼ ወልጄ ነው።»

እኔ ማበጠሪያዬን ይዤ መሀል ላይ ቀረሁ። ይኸንን ደንብ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እናቴ ስትጠራኝ እንኳ ከመሸ ሳትደግም አቤት አልላትም። አንድ ቀን እንኳ ወደ አእምሮዬ ሳይመጣ! እሱም እንደዚያው፤ ሱዳን በረሃ፣ ወታደር ቤት፣ ያ ሁሉ መንገድ አስረስቶት እንደሆነ አላውቅም። አንድም ድካም ይሆናል። ቁሞ አንዴ ከጠራ በኋላ የሚደግምበት አቅም ያልነበረው ሰው።

«ጋሼ፣ ተርጉም እንጂ!» አለ ነገሩ ያልገባው አንድ ትንሽ ልጅ።

«ዛሬ አልቋል። ውጡ» አለ።

ወጡ። እትዬ ይታይሽ ተቀመጠችና የቀረውን ጸጉሯን ሠራሁላት። ማዶ አግዳሚዎቹን ወደ ግድግዳ ሲያስጠጋ ይሰማናል። ስትሄድ በቪዲዮ ቤቱ በር አላለፈችም፤ በጓሮ ዞራ ወደ ገበያ ወረደች።

ሠርጉ እሑድ ነበር። ቅዳሜ ማለዳ በሩ ላይ ሳገኘው ኮቱን ለብሷል፣ ዘንጉን ይዟል፣ ጺሙን ተላጭቶ አገጩ ላይ ቆርጦታል። የት እንደሚሄድ አልጠየቅኩትም፤ በሕይወቴ አንዴ ዝም ያልኩበት ቀን ያ ነው። ወደ ጃናሞራ የሚሄድ አይሱዙ ላይ ከእህል ጆንያ ጋር ተሰቅሎ ሄደ።

ሲመለስ ጎረምሶቹ ቀድመውኝ ከበቡት። ገፍቼ ገባሁ።

«እ? ከፈቱልህ?»

«ዳስ ነው፤ በር የለውም» አለኝ። ሰዎቹ በተን እስኪሉ ጠበቀና ለኔ ብቻ ነገረኝ። እናቷ አጠገብ ሳይሆን ከእንጀራ አባቷ ቀጥሎ አስቀመጡት። ሰውየው ራሱ ተነስቶ ቦታ ለቀቀለት። ሙሽሮቹ ሊወጡ ሲሉ አንጓች የእናቷን ጉልበት ሳመች፣ የእንጀራ አባቷን ሳመች። ከዚያ እሱ ፊት ደርሳ ቆመች። ያያታል፣ ታየዋለች። የእናቱ አፍንጫ አላት አለኝ።

«እኔ ጉልበቴን ሰው ስሞት አያውቅ፤ እንዴት እንደሚሆን አላወቅኩበትም። ጎንበስ ስትል እኔም አብሬ ጎነበስኩ። ግንባራችን ጓ አለ! ዳሱ በሙሉ ሳቀ። እሷም አክሊሏን ይዛ ሳቀች። ‹ቀና በሉ እንጂ አባ፣ ቀና ብለው ይቀመጡ› አለችኝ። ቀና አልኩ። ሳመችኝ።»

ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋና ግንባሩን አሳየኝ። ከቅንድቡ በላይ አብጧል።

«እይው» አለኝ፣ ጎንበስ ብሎልኝ። «ንኪው። እስካሁን ያመኛል።»